ሆድ ሲነፋ፦ ወተት፣ ጥራጥሬና ሽንኩርት

ከምግብ በኋላ ሆድ የሚነፋው ብዙውን ጊዜ ትንሹ አንጀት ያልፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ነው። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን አብላልተው ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ሚቴን ያወጣሉ። ያልተፈጨው ስኳር ውሃም ወደ አንጀት ስለሚስብ ሆድ ይጮሃል፣ ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ተቅማጥ ይከተላል። ጤነኛ ሰውም በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ጋዝ ያወጣል። ችግር የሚሆነው ቀበቶ የሚያስፈታ፣ ከሰው መሃል የሚያሸሽ ሲሆን ነው።

ይህ አለርጂ አይደለም። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው በጥቂት ጠብታ እንኳ ሰውነቱ ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። የምግብ አለመስማማት ግን በአመዛኙ የመጠን ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የሆድ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ስለሚባል፣ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ በርበሬውንም ቡናውንም ወተቱንም አንድ ላይ ይተዋል። ያሳዝናል፤ የሚጎዳው ምናልባት ከሁሉም አንዱ ብቻ፣ እሱም ሲበዛ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል፤ የሚፈጨውም ላክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ሕፃናት ይህ ኢንዛይም በብዛት አላቸው። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ግን ጡት ከተዉ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም። ለዘመናት ከብትና ግመል ሲያረቡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ላክቴዝ እስከ እርጅና የሚዘልቅባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለ። ላክቴዝ ካነሳቸው ሰዎችም አብዛኞቹ ይህን ያህል በአንድ ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ ጋር፣ ብዙም ሳይቸገሩ ይችሉታል። ማኪያቶ ላይ የምትጨመረው ወተት ደግሞ ከዚህ እጅግ ታንሳለች። እርጎ ይበልጥ ይስማማል፤ ያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን በልተውታል፣ የቀረውንም አንጀት ውስጥ ለመፍጨት ያግዛሉ። አይብ ሲወጣ ላክቶሱ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ በንጥር ቅቤ ውስጥ የሚቀረው ከምንም አይቆጠርም። ወተት አዘውትሮ በጥቂቱ የሚጠጣ ሰው የትልቁ አንጀቱ ባክቴሪያዎች ላክቶስን ይለምዱለታል። ከ55 ቀን የዐቢይ ጾም በኋላ ይህ ልምምድ ስለሚቋረጥ፣ በፋሲካ ማለዳ በትልቅ ኩባያ ከመጀመር ከግማሽ ብርጭቆ መነሳት ይሻላል።

የጥራጥሬው ነገር ይለያል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ውስጥ ያሉትን ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ ስኳሮች የሚፈጭ ኢንዛይም በማንም ሰው ትንሽ አንጀት ውስጥ የለም። ልዩነቱ አንዱ አንጀት ጋዙን ሲችለው ሌላው መጨነቁ ነው። መፍትሔው በአብዛኛው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ማታ የተዘፈዘፈ ባቄላ ጠዋት ውሃው ደፍርሶ፣ አረፋ አዝሎ ይታያል፤ ከስኳሩ ከፊሉ ወደዚያ ውሃ ወጥቷልና መደፋት አለበት። ከዚያ በአዲስ ውሃ ተቀቅሎ ንፍሮ ሲሆን የተቀቀለበትም ይደፋል። በቆልት ከሁሉም ይቀላል፤ ፍሬው ለመብቀል ሲል ስኳሩን ራሱ ይጨርሰዋል። ሽሮ ግን ዱቄት በመሆኑ የሚደፋ ውሃ የለውም። የሚነፋው ሰው መጠኑን ቀንሶ፣ ከጎመን ወይም ከድንች ጋር አጣጥሞ ቢበላው ይሻለዋል።

ሽሮው ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የተባለ ሌላ የማይፈጭ ስኳር በብዛት አላቸው፤ ወጥ ደግሞ ያለ ቁሌት አይሠራም። ፍሩክታን በውሃ ስለሚሟሟ፣ የሽንኩርቱን ቁራጭ ከወጡ ለቅሞ ማውጣት አይረዳም። በዘይት ግን አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ብቻ ጠብሶ፣ ውሃ ሳይነካው አውጥቶ በዘይቱ ማብሰል ጣዕሙን አስቀርቶ ጣጣውን ያስወግዳል። ፍሩክታን በስንዴም ስላለ፣ «ግሉተን አይስማማኝም» የሚል ሰው የሚያስቸግረው አንዳንዴ እሱ ነው። ያም ሆኖ ሲሊያክ የተባለው ከባድ የግሉተን በሽታ ስላለ፣ የደም ምርመራው ስንዴ ከመተው በፊት መደረግ አለበት፤ ከተተወ በኋላ ውጤቱ ያሳስታል።

ጥፋተኛውን ለመለየት ማስታወሻ ደብተር ይበቃል፦ የተበላው፣ የተበላበት ሰዓት፣ ሆድ የተነፋበት ሰዓት። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ምግብ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚፈጅ፣ በምሳ የመጣው ጋዝ የቁርሱ ሊሆን ይችላል። አውስትራሊያ ሜልበርን በሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው ፎድማፕ የተባለ ዘዴም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ተጠርጣሪ ምግቦች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይቆማሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ከትንሽ ወደ ብዙ እየተጨመሩ ይመለሳሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት መመለሱ ላይ ነው፤ ሁሉን እንደተዉ ይቀሩና ሰውነታቸው ይጎዳል።

ክብደት ያለ ምክንያት ሲቀንስ፣ ሰገራ ላይ ደም ሲታይ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ፣ ወይም በሴት ላይ እብጠቱ ለሳምንታት አልጎድል ሲል ግን ደብተሩን ትቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የሰገራ ምርመራም መዘንጋት የለበትም። ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የአንጀትን ግድግዳ ስለሚጎዳ፣ ወተት ሲስማማው የኖረን ሰው ድንገት እንዳይስማማው ያደርጋል። ጥገኛው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ ግድግዳው ቀስ በቀስ ያገግማል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ወተቱን በትንሽ በትንሹ እንደገና መሞከር ይቻላል።