የታክሲ ሾፌሩ ምሳ

ኒው ዮርክ ውስጥ በጥቂት ዶላር መጥገብ የሚፈልግ ሰው የታክሲ ሾፌሮች የሚበሉበትን ቢጠይቅ አይሳሳትም። ሾፌር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ መኪናውን ካለቦታው ቢያቆም ይቀጣል፤ ፈረቃው ረጅም ስለሆነ የቀመሰው ነገር እስከ ማታ ሊያቆየው ይገባል። የከተማዋን የሃላል ጋሪዎችና ትናንሾቹን የሕንድ ምግብ ቤቶች ያሳደጋቸው ይኸው የሚጣደፍ ደንበኛ ነው።

በማንሃተን 53ኛው መንገድና 6ኛው አቬኑ ከሚገናኙበት ማዕዘን የሚቆመው «ሃላል ጋይስ» ዛሬ ቅርንጫፉ ባሕር ተሻግሯል። ሦስት ግብጻውያን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲጀምሩት ግን ሆት ዶግ ይሸጡ ነበር። ሙስሊም ሾፌሮች በእምነታቸው ሥርዓት የታረደ፣ ደግሞም ወግ ያለው ምግብ ይፈልጉ ስለነበር ጋሪው ወደ ዶሮና ሩዝ ዞረ። በቅመም የታሸ ዶሮ ብረት ምጣድ ላይ እየተከተፈ ይጠበሳል፤ ቢጫ ሩዝ ላይ ይደፋል፤ ጥቂት ሰላጣ፣ ነጭ ሶስ፣ ከፈለጉም የሚያቃጥለው ቀዩ ይጨመርበታል። በሥጋው በኩል የግሪክ ጋይሮ አለበት፤ ሩዙና ቅመሙ ግብጻውያን፣ አፍጋኖችና ባንግላዴሻውያን ሻጮች እየተፈራረቁ ያበጁት ነው። ካይሮም ዳካም ቢፈለግ እንዲህ ያለ ሳህን በአገር ምግብነት አይገኝም። ልጅነቱ የኒው ዮርክ ነው።

የሕንዶቹ መንደር ሌክሲንግተን አቬኑ ላይ፣ 28ኛው መንገድ አካባቢ ነው። እዚያ ያለው የካሉስትያን ባልትና መደብር በ1944 በአርመኖች የተከፈተ ሲሆን፣ የሕንድ ቅመም ፈላጊው ኋላ ላይ ዙሪያውን ሰፈረ። ለኪስ የሚስማማው ግን ወደ ታች ወርዶ፣ በምሥራቅ 1ኛ መንገድ የሚገኘው ፑንጃቢ ደሊ ነው። በ1994 የተከፈተው ይህ ጠባብ ቤት ሥጋ አያቀርብም። የሽምብራ፣ የምስር ወይም የስፒናች ወጥ ሩዝ ላይ አስጨምሮ፣ የሳምቡሳችን ዘመድ የሆነውን ሳሞሳ ይዞ መቆም ነው።

የሚጾም ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ሕንዶች «ቬጂቴሪያን» ሲሉ የሥጋ አለመኖርን እንጂ የቅቤንና የወተትን አለመኖር ማለታቸው አይደለም፤ ወጡ በንጥር ቅቤ ሊቁላላ፣ አይብ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ጥያቄ የማያስፈልገው ስሪላንካዊው ቲሩ ኩማር ዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ ባቆሙት ጋሪ ነበር፤ ዶሳ የሚባለው ቂጣቸው ሙሉ በሙሉ የጾም ነበር። ከሩዝና ከክክ ተፈጭቶ የሚቦካው ሊጥ ምጣድ ላይ በስሱ ሲዘረጋ ላየ አበሻ እንግዳ አይሆንበትም። በ2007 የከተማዋን የጎዳና ምግብ ሻጮች ውድድር ያሸነፉትም በዚሁ ነው።

ዋጋው አሁን ያሳስባል። ዶሮና ሩዝ ለብዙ ዓመት በአምስትና በስድስት ዶላር ሲበላ ኖሮ ዛሬ በብዙ ጋሪዎች አሥር ገብቷል። ዶሮውም ሩዙም ተወድዷል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የፈቃዱ ነገር ነው። ከተማው በ1983 የምግብ ጋሪ ፈቃድን በ3,000 ገደማ ወሰነ። ፈላጊው ሲበዛ ቀድመው የያዙት ሰዎች፣ ሕግ ቢከለክልም፣ ፈቃዳቸውን ማከራየት ያዙ። ለከተማው የሚከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር ሆኖ ሳለ ጋሪ ገፊው ለባለፈቃዱ እስከ 20,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፍላል። በዚህ ላይ ጋሪው የሚያድርበትና የሚታጠብበት ጋራዥ ኪራይ፣ እንዲሁም ቅጣት አለ። በ2021 የወጣ ሕግ በየዓመቱ አዳዲስ ፈቃዶች እንዲሰጡ ቢያዝም አሰጣጡ አዝጋሚ ሆነ። ዞህራን ማምዳኒ ለከንቲባነት ሲወዳደሩ በ2025 መጀመሪያ ጋሪዎቹ ዘንድ ሄደው ሻጮቹን አነጋግረው ነበር። ፈቃዱ በቀጥታ ከከተማው ቢሰጣችሁ ሳህኑን በስንት ትሸጡታላችሁ ሲባሉ፣ ሻጮቹ ስምንት ዶላር አሉ።