በተጨናነቁ ሰፈሮች የመሬት ቅየሳ ፈተና

የመሬት ቅየሳ ከሁሉ አስቀድሞ ያልተጋረደ እይታ ይፈልጋል። ቶታል ስቴሽን የተባለው መሣሪያ በአብዛኛው ማዕዘንና ርቀት የሚለካው ረዳቱ በዘንግ ይዞት የቆመውን ፕሪዝም ማየት ሲችል ነው። በሳተላይት የሚሠራው መቀበያ ደግሞ ሰማዩ ክፍት እንዲሆንለት ይሻል። የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሁለቱንም ይነፍጋሉ። ብዙዎቹ በምኒልክ ዘመን በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ያለ ፕላን የተቆረቆሩ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላም በአንድ አጥር ውስጥ ብዙ አባወራ መኖር፣ መጸዳጃ መጋራትና በቤት ላይ ቤት መቀጠል የተለመደ ሆነ። ዛሬ ቀያሹ እዚያ ሲገባ አንዱን ግድግዳ የሁለት ቤት፣ አንዱን በር የአምስት ቤተሰብ ሆኖ ያገኘዋል።

እንዲህ ባለ ቦታ ልኬቱ ራሱ አድካሚ ነው። መተላለፊያው በየጥቂት ሜትሩ ስለሚጠመዘዝ መሣሪያው በየመታጠፊያው ተነቅሎ እንደገና ይተከላል፤ በእያንዳንዱ ተከላም ትንሽ ስህተት ይጨመራል። ወደኋላ የሚታየው ነጥብ 10 ሜትር ብቻ ሲርቅ፣ መሣሪያው ከነጥቡ 2 ሚሊሜትር ቢያፈነግጥ ማዕዘኑ በ40 የማዕዘን ሰከንድ ያህል ሊዛባ ይችላል። ያ መዛባት 100 ሜትር ላይ 2 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ገላጣ ሜዳ ላይ ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ግድግዳና ግድግዳ በተነካካበት ሰፈር ግን ስህተቱ እየተደመረ ሄዶ የአንዱን ቤት በካርታ ላይ ወደ ጎረቤቱ ይዞታ ያስገባል። ያለ ፕሪዝም በሌዘር ብቻ እንለካ ቢባል፣ ጨረሩ ገመድ ላይ በተሰጣ ልብስ ላይ አርፎ ይመለሳል። የሳተላይቱም ምልክት ከቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ ሲደርስ መቀበያው ያለበትን ቦታ አሳስቶ ይመዘግባል። ክፋቱ ደግሞ የተሳሳተው ቁጥር ከትክክለኛው የሚለይበት መልክ ስለሌለው ቢሮ ተገብቶ ሥዕሉ እስኪወጣ ድረስ ላይታወቅ መቻሉ ነው።

የአየር ፎቶ ይህን ሁሉ ያቃልላል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ከላይ የሚታየው የጣሪያው ጠርዝ እንጂ ግድግዳው አይደለም፤ በተደራረበ ቆርቆሮ ሥር ያለው ወሰን በእግር ተገብቶ ካልታየ አይገኝም። አሮጌ ካርታዎችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመችበት አዲንዳን የሚባለው የካርታ ልኬት መነሻና የሳተላይት መሣሪያዎች የሚሠሩበት መነሻ የተለያዩ በመሆናቸው፣ የአንዱ ቁጥር ሳይለወጥ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ አንድ ቤት 200 ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። ልኬቱ የሚመሠረትባቸው፣ በመሬት ላይ ተተክለው የነበሩ የቁጥጥር ነጥቦች ደግሞ አንዳንዶቹ አስፋልት ለብሰዋል፤ ሌሎቹ አጥር ውስጥ ገብተው ቀርተዋል።

ይህ ሁሉ ቀያሹን ቶሎ ሠርቶ ሊወጣ በማይችልበት ሰፈር ውስጥ ረጅም ሰዓት ያቆየዋል፤ አደጋውም የሚበዛው ከዚሁ የተነሳ ነው። ዓይኑ መሣሪያው ላይ ስለሆነ ከኋላው ያለውን ክፍት ቱቦ አያይም። በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች ዳር በክረምት የሚሠራ ሰው የሚቆመው በሚንሸራተት ጭቃና በቆሻሻ ክምር ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት መንገድ ከአሉሚኒየምም ሆነ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ዘንግ ቀና ማድረግ ሕይወት ያስከፍላል፤ ካርቦን ፋይበር ፕላስቲክ ቢመስልም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የውሻ ንክሻ፣ የድንጋይ ውርወራና ስርቆት ሲጨመሩ ቡድኑ አንድ ሰው ለጥበቃ ብቻ ለመመደብ ይገደዳል። ውድ የሆነውን መሣሪያ በሦስት እግሩ አቁሞ ለደቂቃ እንኳን ዞር ማለት አይቻልም።

የነዋሪው ቁጣ ግን ከሌባ ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባውም። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሲለካና ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ቀጥሎ የሚመጣው ማፍረስ መሆኑን ሰፈሩ ከሌላ ሰፈር አይቶ ያውቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ለመለየት በ1997 ዓ.ም. የተነሳ የአየር ፎቶ እንደ ማስረጃ ሲሠራበት ቆይቷል። ቤቷ በዚያ ፎቶ ላይ መኖሩን የማታውቅ እናት ቀያሹን በሯ ላይ ስታገኝ የምትጠይቀው ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ነው። እሱ ደግሞ ነጥብ እንዲሰበስብ ብቻ ተልኳል፤ የሚመልስላት የለውም። ሌላ ቦታ የተወሰነውን ውሳኔ ማስረዳት የነበረበት አካል ሳይመጣ ቀያሹን ቀድሞ መላክ እሷንም እሱንም መበደል ነው። ፍርሃት ያደረበት ሠራተኛ ከደጅ ሆኖ በግምት ይለካል፤ በግምት የተለካ ወሰንም ለዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር ይሆናል።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታ ሲረጋገጥ ባለይዞታው እንዲሳተፍና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዲኖረው አድርጓል። በሥራው ላይ የሚበጀውም ይኸው ነው። ከቀናት በፊት በዕድርና በወረዳ በኩል ማሳወቅ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ይዞ መግባት፣ ሥራውን በጠዋት ጀምሮ ሳይመሽ መጨረስ፣ ሁለቱም ጎረቤቶች ቆመው እያዩ ወሰኑን ማመልከት ያስፈልጋል። ካልተስማሙ ቀያሹ እንደ ዳኛ ሆኖ አንዱን መምረጥ የለበትም። ሁለቱም ያመለከቱትን መስመር ለክቶ፣ ወሰኑ አከራካሪ መሆኑን በቅጹ ላይ ጽፎ፣ የሁለቱንም ፊርማ ተቀብሎ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ያስተላልፋል።