የኬክ ወረቀት ከመፊን ጋራ እንዳይጣበቅ

በቤታቸው መፊን እየጋገሩ ለሻይ ቤትና ለሱቅ የሚያስረክቡ እመቤቶች ከወረቀት ነጋዴው ጋራ የሚጋጩበት አንድ ጕዳይ አለ። ይኸውም በላተኛው በዙሪያው የተሸበሸበውን ወረቀት በላጠ ጊዜ ከኬኩ ሲሶ ያህሉ ከወረቀቱ ጋራ ተያይዞ መቅረቱ ነው። በላተኛው በጋጋሪዪቱ ያማርራል፤ ጋጋሪዪቱ የተረፋትን እሽግ ይዛ ወደ ነጋዴው ትመለሳለች፤ ነጋዴውም «ወረቀቱ ደኅና ነው፥ ጥፋቱ የሊጡ ነው» ብሎ ይመልሳታል። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ይህን የመሰለ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ሲቀርብ አያለሁና፥ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ ማወቅ ለሻጭም ለገዢም ይበጃል ብዬ ስላመንሁ ጥቂት ለመግለጽ ፈቀድሁ።

በመጀመሪያ ወረቀት ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ያሻል። ተራ ወረቀት ከእንጨት የወጡ ቀጫጭን ጭረቶች ተደራርበው የተሠራ ስለ ሆነ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ሞልተውበታል። እርጥቡ ሊጥ ሲፈስስበት ውሃው ወደ እነዚህ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፤ ከውሃውም ጋራ ከዱቄቱ ስታርችና ከእንቍላሉ ፕሮቲን ጥቂት አብሮ ይገባል። ሙቀቱ ሲበረታ ስታርቹ እንደ አጥሚት ይወፍራል፥ ፕሮቲኑም ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም የወረቀቱን ጭረቶች አጥብቀው ይይዛሉ። በዱቄትና በውሃ የተቀቀለ ሙጫ መጽሐፍ ለመጠረዝና ወረቀት ለመለጠፍ ሲያገለግል የኖረ ስለ ሆነ፥ ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

የአገራችን ባለሙያ ሴቶች ግን የዚህን ችግር መድኀኒት በሌላ መልኩ ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። እንጀራ ከምጣድ እንዳይጣበቅ ምጣዱ በጐመን ዘር ይታሰሳል። ድፎ ዳቦም በኮባ ሲጋገር፥ የቅጠሉ ገጽ ለስላሳና ሰም መሳይ በመሆኑ ሊጡ ወደ ውስጡ አይሰርግም፤ ዳቦው ሲበስልም ቅጠሉ ሳያስቸግር ይላጣል። የሁለቱም ዘዴ ምስጢር በሊጡና ሊጡ በሚያርፍበት ነገር መካከል ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ማኖር ነው። ለመፊኑም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ሽፋኑ ከሊጡ ከራሱ ሊገኝ ይችላል። የገበታ ቅቤ ወይም ዘይት በበቂ መጠን የገባበት ሊጥ ከወረቀቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ስቡ የቀነሰበት ግን ይጣበቃል። የዘይት ዋጋ ሲወደድ ከልኩ ቀንሶ በተፈጨ ሙዝ ወይም በውሃ መተካት የተለመደ ቍጠባ ነው፤ ነገር ግን ቍጠባው በወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ሙዙም ቢሆን ስኳሩ በወረቀቱ ዳር ሲቃጠል እንደ ከረሜላ ስለሚይዝ ችግሩን ያብሰዋል። ዘይቱን መቀነስ የግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሊጡ ከመግባቱ በፊት የወረቀቱን ውስጥ በብሩሽ በስሱ ዘይት መቀባት ይገባል። ይህንንም አብዝተው ቢቀቡት ወረቀቱ በውጭ በኩል ስለሚወዛ ለሽያጭ አያምርም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የትዕግሥት ነገር ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ከአቤቱታው ብዙው መነሻው ከዚህ ላይ ነው። መፊኑ ከምድጃ እንደ ወጣ ስታርቹ ገና ልል ስለ ሆነ፥ ኬኩ እርስ በርሱ ከተያያዘበት ኀይል ይልቅ ከወረቀቱ ጋራ የተያያዘበት ኀይል ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን የሳበ ሰው ኬኩን ይቀድደዋል። ሲቀዘቅዝ ግን ስታርቹ ይጠነክራል፥ ወረቀቱም ይላቀቃል። ስለዚህ መፊኑ በትሪው ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከቈየ በኋላ፥ አየር ከታች ወደሚያገኝበት የሽቦ መደርደሪያ ተዛውሮ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ሊተው ይገባል። በትሪው ውስጥ ከቀረ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውሃ ይለወጥና ወረቀቱን ያረጥበዋል። ትኩሱን በፕላስቲክ ሣጥን ከድነው የሚልኩም አሉ፤ የነዚህ ወረቀት እርጥበት ስለሚጠጣ አንዳንዱ ይጣበቃል፥ አንዳንዱም በተቃራኒው ገና ከሱቁ መስተዋት ውስጥ ሳለ ራሱ ተገንጥሎ ይንጠለጠላል።

በሚገባ ያልበሰለ መፊን መጣበቁ የታወቀ ነው፤ በመካከሉ የተሰካ ስቴኪኒ ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ ጊዜው አልደረሰም። በዚህ ረገድ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ መጠን ለአዲስ አበባ እንደ ልብ አይስማማም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የአየሩም ግፊት አነስተኛ በመሆኑ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ሊጡን ከልክ በላይ ይነፋዋል። መፊኑ ፈጥኖ ይነሣና ሳይረጋ ይወድቃል፤ መካከሉም ሊጥ ሊጥ ይላል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፥ የምድጃውን ሙቀት ግን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይረዳል።

አሁን ነጋዴውን በይበልጥ ወደሚመለከተው ወደ ወረቀቱ ዓይነት እንመለስ። በገበያ ላይ ሁሉም የኬክ ወረቀት እየተባለ ይሸጥ እንጂ ባሕርዩ አንድ አይደለም። ተራው ወረቀት ከላይ እንደ ተገለጸው ውሃንም ስብንም ይጠጣል። ሁለተኛው ስብ የማያሳልፍ የሚባለው ነው፤ ይህ ጭረቱ ለረዥም ጊዜ ተወቅጦ እጅግ ስለ ተጠጋጋ ቀዳዳው የጠበበ ነው። ሦስተኛው ፓርችመንት፥ ማለት ብራና መሳይ ወረቀት ሲሆን፥ በሰልፈሪክ አሲድ ተነክሮ የጭረቶቹ ገጽ እንዲዋሐድ የተደረገ ነው፤ አሠራሩም ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከሁሉ የሚሻለው በዚህ ዓይነቱ ወረቀት ላይ ሲሊኮን የተቀባበት ነው። ሰም የተቀባ ወረቀትን ግን ከነዚህ ጋራ መቍጠር አይገባም፤ ሰሙ በምድጃ ውስጥ ይቀልጣልና።

ነጋዴዎቻችን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ስብ የማያሳልፍ ማለትና የማይጣበቅ ማለት አንድ አለመሆኑን ነው። የመጀመሪያው የሚናገረው ዘይቱ ወደ ውጭ ወጥቶ የገዢውን እጅ እንዳያቈሽሽ ነው፤ ኬኩ ስለ መላቀቁ ምንም ዋስትና አይሰጥም። «በእሽጉ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል» እየተባለ ከሚነሣው ክርክር ብዙው የሚመጣው ከዚህ መደባለቅ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ስብ የማያሳልፍ ወረቀት ፒፋስ የሚባሉ ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ይገቡበት ነበር። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር እነዚህን የያዙ የስብ መከላከያዎች ለምግብ ወረቀት በአገሩ ገበያ መሸጣቸው እንደ ቆመ አስታውቋል፤ ስለዚህ ርካሽ አሮጌ ክምችት ሲቀርብልን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወረቀቱን ከመግዛት በፊት መፈተን አያስቸግርም። ከናሙናው አንዱን ዘርግቶ በውስጠኛው ፊት አንድ ጠብታ ዘይት ማኖርና ከ10 ደቂቃ በኋላ ጀርባውን ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ከታየበት ተራ ወረቀት ነው። በሌላው ላይ ደግሞ አንድ ጠብታ ውሃ ይደረጋል፤ ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ሲያጋድሉት የሚንከባለል ከሆነ ሲሊኮን የተቀባ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተዘርግቶ ወረቀቱን ካራሰው ግን አልተቀባም። ክርክር ለመቍረጥ ደግሞ በአንድ ትሪ ላይ ሁለቱን ዓይነት ወረቀት እያፈራረቁ አንዱን ሊጥ መጋገርና ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለቱንም መላጥ ነው። ሊጡና ምድጃው አንድ ስለ ሆኑ የሚለየው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሁለቱም ከተጣበቁ አስቀድሞ ዘይቱንና የማብሰያውን ሰዓት መመርመር ይገባል፤ አንደኛው ብቻ ከተጣበቀ ነጋዴው እሽጉን ቢመልስ ቅር ሊለው አይገባም።

ለውጭ አገር ላኪ የሚጻፈው የትእዛዝ ደብዳቤም «የኬክ ወረቀት፥ ነጭ» ብቻ ብሎ ማለፍ የለበትም። የወረቀቱ ዓይነት፥ ሲሊኮኑ በአንድ ፊት ወይስ በሁለቱም እንደ ተቀባ፥ ወረቀቱ የሚችለው የምድጃ ሙቀት በዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ የታችኛው ክብ ስፋትና የግድግዳው ቁመት በሚሊሜትር ተለይተው ይጻፉ፤ ዕቃውም ከመጫኑ በፊት ከዚያው ምርት ናሙና እንዲላክ ይጠየቅ።