«ማን አለበት?»፦ ስለ አክሲዮን ግዢ ተረትና እውነታ

በመርካቶ ሰባተኛና በዙሪያዋ ባሉ ተራዎች አክሲዮን ከመግዛት በፊት የሚደረገው ማጣራት ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ያልቃል፤ «ማን አለበት?» መሥራቾቹ ስም ያላቸው ነጋዴዎች ወይም ያገር ልጆች ከሆኑ ገንዘቡ ይወጣል። ልማዱ የመጣው ከዱቤ ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ያለ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በስም ነው፤ ስሙን ያጎደፈ ነገ ዕቃ አያገኝም። አሠራሩ ለዱቤ ይበጃል። ለአክሲዮን ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ዱቤ የሰጠ ሰው ቀኑ ሲደርስ ሄዶ የሚጠይቀው ባለዕዳ አለው፣ ባለአክሲዮን የለውም። ኩባንያው ቢከስር አበዳሪዎች፣ ሠራተኞችና ግብር ሰብሳቢው ይቀድማሉ፤ ለባለአክሲዮን የሚደርሰው ከተረፈ ብቻ ነው። ስመ ጥሩ መሥራችም ሌላው ሰው ላስገባው ገንዘብ በግሉ ዋስ አይሆንም።

ቀድሞ የገባ ሁልጊዜ ያተርፋል የሚለው እምነት መሠረት አለው። አዋሽ ባንክ በ1987 ሲቋቋም መሥራቾቹ 486፣ የተከፈለ ካፒታሉም 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። ያኔ የገባ ሰው ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። ሳይቋቋም በቀረ ባንክ ስለገባ ሰው ግን ብዙ አይወራም። በሚያዝያ 2013 ብሔራዊ ባንክ አዲስ ባንክ ለማቋቋም የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ በምሥረታ ላይ ሆነው አክሲዮን ይሸጡ ከነበሩት በርካቶቹ መጠኑ ላይ መድረስ አልቻሉም። ገንዘብ ወደ መመለስ ሲኬድ ብዙ ገዢ ያላስተዋለው ነገር ወጣ፦ ከአክሲዮኑ ዋጋ በላይ የተከፈለው የአገልግሎት ክፍያ የአክሲዮን ገንዘብ አይደለም፤ ለቢሮ፣ ለማስታወቂያና ለደመወዝ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በምሥረታ ላይ ያለ ማኅበር አክሲዮን ሲቀርብ የሚታዩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ገንዘቡ በዝግ ሂሳብ ይገባል ወይ? ተፈረመ ከተባለው ካፒታል ስንቱ ተከፍሏል? ማኅበሩ ባይቋቋም ስንቱ ይመለሳል? የተፈረመ ማለት ቃል የተገባ ማለት ነው፤ ማስታወቂያ ላይ የሚጎላው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የመቶኛ ወሬ ነው። «ባንኩ 30 በመቶ ትርፍ አስገኘ» ሲባል ሰሚው ባወጣው ገንዘብ ላይ 30 በመቶ የሚከፈለው ይመስለዋል። ስሌቱ ሌላ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ 1,000 ብር የተጻፈበት አንድ አክሲዮን 300 ብር አተረፈ እንበል። ባንክ የመጠባበቂያ ሂሳቡ ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ ከዓመታዊ የተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ወደዚያው እንዲያዞር በመመሪያ ይገደዳል። ከ300ው 75 ብር በዚህ ሲቀር ሊከፋፈል የሚችለው 225 ብር ነው። አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ1,800 ብር የገዛ ሰው ያገኘው እንግዲህ 12.5 በመቶ ነው፤ የትርፍ ድርሻ ግብር ገና አልተቀነሰም። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር ካለ ደግሞ ባለአክሲዮኑ የሚቀበለው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ተጨማሪ አክሲዮን ነው። በ2014 የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ 12.5 በመቶ የሚያስጨበጭብ ቁጥር አይደለም።

ትርፉ ከየት እንደመጣም ይታያል። የውጭ ምንዛሪ ሀብቱ ከዕዳው የሚበልጥ ባንክ ብር ሲወድቅ በመዝገብ ያተርፋል፤ ይህ ዓይነቱ ትርፍ በየዓመቱ አይደገምም። ብድሩ በፍጥነት አድጎ የተበላሸው ብድር ገና ካልታየ ደግሞ የዘንድሮ ትርፍ የከርሞ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። የቅርንጫፍ ብዛት ግን ከመጠን በላይ ይከበራል። መርካቶ ውስጥ ባንክ የሌለበት ሕንፃ ማግኘት ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ግን ተቀማጭ ማምጫ የሆነውን ያህል የኪራይና የደመወዝ ወጪም ነው።

ርካሽ አክሲዮን የሚባለውም እንዲሁ ያሳስታል። አቢሲንያ ባንክ አክሲዮኑን በ25 ብር፣ ወጋገን በ1,000 ብር ከፋፍለው ኖረዋል፤ አንዱ ረከሰ ሌላው ተወደደ የሚያሰኝ ነገር የለም። አንድን ካፒታል በትንሽ ወይም በትልቅ መቁረጥ ብቻ ነው።

የመንግሥት ከሆነ አይወድቅም የሚለው እምነት የተፈተነው ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ነው። ከጥቅምት 6፣ 2017 ጀምሮ በቴሌብር የቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ነበሩ። ሰርተፍኬታቸው ላይ የተጻፈው ዋጋ 100 ብር ሆኖ በ300 ብር ተሸጡ፤ ትንሹ ግዢ 33፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ነበር። የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞ የካቲት 7 ሲዘጋ የተገዙት 10.7 ሚሊዮን ያህል፣ ገዢዎቹም 47,377 ነበሩ። ኩባንያው አትራፊና ግዙፍ መሆኑ አላጠራጠረም። በዶላር የሚከፈል ዕዳ ያለበት መሆኑን ግን ብዙ ሰው አላየውም። ብር ከሐምሌ 2016 ማብቂያ ጀምሮ በገበያ ሲተመን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100 ብር አለፈ፤ ዕዳውም በብር ሲቆጠር አብሮ አደገ። ለባንክ ትርፍ ሊያመጣ የሚችለው ያው የምንዛሪ ለውጥ እዚህ ኪሳራ ነው። ይህን የሚናገረው ፕሮስፔክተስ የሚባለው ሰነድ ነው፤ የስጋት ምዕራፉ ከማስታወቂያው ይልቅ መነበብ አለበት።

የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፕሮስፔክተስ ሲያጸድቅ አክሲዮኑ ያዋጣል ማለቱ አይደለም። የሚመረምረው ለገዢው ሊነገር የሚገባው ሁሉ መነገሩን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2፣ 2017 ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ገበያው ላይ መመዝገብ ኩባንያውን መረጃውን በየጊዜው እንዲያወጣ ያስገድደዋል፤ ሻጭ በፈለገበት ቀን ገዢ ያመጣለታል ማለት ግን አይደለም። ገበያ ባለመኖሩ ብቻ ሳይሆን የነበረው ገበያ ሲጠፋም ገንዘብ ታስሮ ያውቃል፤ በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ይካሄድ የነበረው የአክሲዮን ግብይት የቆመው በ1967 ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ ነው።

አብዛኞቹ አክሲዮን ማኅበራት፣ በመርካቶ ነጋዴዎች ተደራጅተው የገበያ ሕንፃ የሠሩትን ጨምሮ፣ እስካሁን ገበያው ላይ የሉም። የእነሱ መረጃ የሚገኘው በዓመታዊ ሪፖርታቸው ነው። ከሊቀመንበሩ መልእክት በፊት የኦዲተሩ ገጽ ቢነበብ ይሻላል፤ ኦዲተሩ ሒሳቡ ትክክለኛ ነው ካለ በኋላ «ከዚህ በስተቀር» ብሎ ከቀጠለ፣ ዋናው ነገር ያለው ከዚያ ቃል በኋላ ነው። ቀጥሎ የገንዘብ ፍሰቱ፣ ከዳይሬክተሮችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር የተደረገው ንግድ፣ ሕንፃ ካለም ካርታው በማን ስም እንደሆነና በባንክ መያዝ አለመያዙ ይታያል። የንግድ ሕጉ ከጉባኤ በፊት ሒሳቡንና የኦዲተሩን ሪፖርት የማየት መብት የሚሰጠው ለባለአክሲዮን ነው፤ ገና ያልገዛ ሰው ሰነዱን የሚያገኘው አክሲዮኑን በሚሸጥለት ሰው በኩል ነው። ዋጋ ከመቆረጡ በፊት የቅርብ ሦስት ዓመታት ሪፖርት እንዲያመጣ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል።