የመኪና መግቢያችን በምን ይነጠፍ?

ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ፥ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው፤ ከውጭው በር እስከ ደጃፍ ያለችው ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሜትር መንገድ ግን ገንዘቡ ካለቀና ልቡም ከደከመ በኋላ ትታሰባለች። ይሁን እንጂ ሽማግሌ አባት በከዘራ እየተደገፈ የሚገባባት፥ ሕፃናት የሚሯሯጡባት፥ ለማኅበርም ሆነ ለሐዘን የመጣ እንግዳ የመጀመሪያ እርምጃውን የሚያሳርፍባት ይህችው መንገድ ናት። ስለዚህ በምን ትነጠፍ የሚለውን ጥያቄ በዚህ ወር ልንመረምረው ወደድን። ለአብነትም የጉርድ ሾላን ሠፈር ወስደናል።

ጉርድ ሾላ ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር የሚያልፍባት ሠፈር መሆንዋ የታወቀ ነው። በስተሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ይታያል፤ በክረምት ከዚያ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በተዳፋቱ ላይ የሚበዛው ቀይ አፈር ሲሆን፥ ወደ ሜዳው በወረድን መጠን ግን ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ይበዛል። ይህ አፈር በበጋ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ በላዩ ያረፈውን ነገር ሁሉ በየዓመቱ ያነሣዋል፤ መልሶም ይጥለዋል። ንጣፉ ምንም ቢያምር፥ ከሥሩ ያለው አፈር ካልታሰበበት ሁለት ክረምት ሳይሻገር ይሰነጠቃል ወይም ይሰምጣል።

ከአፈሩ ቀጥሎ የሚታሰበው ውሃው ነው። አራት ሜትር ስፋትና ዐሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የመኪና መግቢያ 48 ካሬ ሜትር ይሆናል። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፥ በዚህች መንገድ ላይ ብቻ 1,440 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ከሰባት በላይ ይሞላል። የቤቱ ጣራ 120 ካሬ ሜትር ቢሆን ደግሞ ከጣራው 3,600 ሊትር፥ ማለት ዐሥራ ስምንት በርሜል ውሃ ይመጣል። አሸንዳው ይህንን ሁሉ በመግቢያው ላይ የሚያፈስ ከሆነ፥ ከሃያ አምስት በርሜል የሚበልጥ ውሃ በአንድ በር በኩል መውጫ ይፈልጋል። መውጫውም ብዙ ጊዜ ከእኛ ዝቅ ብሎ የሚኖረው ጎረቤት አጥር ነው። የድንጋይ አጥር ሥሩ በየክረምቱ ሲታጠብ ቆይቶ አንድ ሌሊት ይወድቃል፤ በአጥሩም ጥግ ሰው ሊኖር ይችላል። እንግዲህ የንጣፍ ምርጫ ስለ ግቢያችን ማማር ብቻ ሳይሆን፥ በጎረቤታችን ላይ ስለምናደርሰው በጎም ሆነ ክፉ ነገር ጭምር መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም።

አሁን በገበያ ያሉትን የንጣፍ ዓይነቶች በየተራ እንመልከት።

ዋጋው ከሁሉ የሚቀለው ጠጠር ነው። ውሃ በመካከሉ ስለሚሰርግ ጎርፍ አያበዛም፤ ማንም የቀን ሠራተኛ ሊያነጥፈው ይችላል። ጉድለቱ ግን በጎማ እየተበተነ መሳሳቱ፥ በጥቁር አፈር ላይ በቀጥታ ሲጣል ደግሞ በጭቃው መዋጡ ነው። እግራቸው ለደከመ አረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች አይመችም።

ሁለተኛው በሲሚንቶ፥ በአሸዋና በጠጠር የሚሞላው ኮንክሪት ነው። ለመጥረግ ይቀላል፥ ለእግርም ይመቻል። ነገር ግን ውሃ ከቶ አያሳልፍም፤ የወረደበትን ሁሉ ወደ በሩ ይሰደዋል። በሚያብጥ አፈር ላይም በቀጭኑ ከተሞላ ይሰነጠቃል። የመረጠው ሰው ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፥ ፌሮ እንዲገባበት፥ በየሦስት ሜትሩም መለያ መስመር እንዲደረግበት ይጠይቅ። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘውም ወደ 28 ቀን ገደማ ነውና እስከዚያ ድረስ መኪና ባይገባበት ይመረጣል።

ሦስተኛው አስፋልት ነው። ለአውራ ጎዳና የከበረ ቢሆንም ለጠባብ ግቢ ምቹ አይደለም። ማጣበቂያው ሬንጅ ከውጭ አገር የሚገባ ነው፤ ድብልቁም በ150 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተዘጋጅቶ ሳይቀዘቅዝ በመዳመጫ መዳመጥ ስላለበት፥ ለ48 ካሬ ሜትር ሥራ ይህን ሁሉ መሣሪያ ማቅረብ ከሥራው በላይ ያስወጣል። አራተኛው ሸክላና የለሰለሰ እብነ በረድ ሲሆን፥ በደረቅ ቀን ዓይን ይማርካል፤ በዝናብ ቀን ግን ያንሸራትታል። የአያቶቻችን አጥንት ሲሰበር በቶሎ አይጠገንምና ይህን ለመንገድ ባንመርጠው ይሻላል።

አምስተኛው በመዶሻና በመሮ በእጅ የሚጠረበው ድንጋይ፥ በተለምዶ ኮብልስቶን የምንለው ነው። በከተማችን ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ተስፋፍቶ፥ ብዙ ወጣቶች ተደራጅተው እንጀራቸውን አገኙበት፤ በብዙ መንደርም ነዋሪው ገንዘብ እያዋጣ የሠፈሩን መንገድ አስነጥፎበታል። ድንጋዩ በአመዛኙ ከአገራችን ምድር የሚወጣው ጥቁር ባዝልት ስለሆነ የውጭ ምንዛሬ አይጠይቅም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ሳይሆን በአሸዋ ከተሞላ፥ ከሚወርደው ውሃ ከፊሉ በዚያ ይሰርጋል። ከሁሉ በላይ ግን የውሃ ቱቦ ከሥሩ ቢፈነዳ ድንጋዩ ተነቅሎ ቱቦው ይጠገናል፤ ያው ድንጋይም ተመልሶ ይነጠፋል። ኮንክሪት ግን ከተሰበረ ፍርስራሽ ነው። ድንጋዩ ለእግር ሻካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ፊቱ በደንብ የተስተካከለውን መርጦ መግዛት፥ ወይም አረጋውያን የሚሄዱበትን አንድ ሜትር ያህል መስመር በኮንክሪት ማድረግ ይቻላል።

የእኛ ምርጫ እንግዲህ ለጉርድ ሾላና ለመሰሉ ሠፈሮች ይኸው ጥርብ ድንጋይ ነው። ይሁንና ያለ መልካም መደብ ይህም ቢሆን አይዘልቅም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አገራችን ማስመጣቱ ይነገራል፤ መንገድ የሚጸናው ከሥሩ ሲጠቀጠቅ መሆኑን ያን ጊዜም የታወቀ ነበር። ጥቁሩ አፈር በተቻለ መጠን ተቆፍሮ ይውጣ፤ በእርሱ ፈንታ ገረጋንቲ ይግባ፤ ይህም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከ15 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ይሁን። በላዩ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ተነጥፎ ድንጋዩ ይደርደር። በግራና በቀኝ የጠርዝ ድንጋይ በሲሚንቶ ካልተያዘ ግን ድርድሩ በጎማ ግፊት ወደ ጎን ይከፈታል። ተዳፋቱ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በ12 ሜትር 24 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ጥቁር አፈር ውሃ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ከመደቡ ጎን ትንሽ ቦይ ተበጅቶ ወደ መንገዱ የፍሳሽ መስመር ይምራ። የቤቱ መሠረት እንዳይርስና አፈሩ እንዳያነሣው በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ፥ ውሃ የማያስገባ ማርሻፔዴ ይሠራ። የአሸንዳው ውሃ ደግሞ በሮቶ ቢጠራቀም፥ የቧንቧ ውሃ በተቋረጠ ቀን ለልብስ ማጠቢያና ለአትክልት ይሆናል፤ ጎርፉንም ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። በአገራችን ግቢ የመኪና ማቆሚያ ብቻ አይደለም፤ ለሰርግም ለተዝካርም ድንኳን የሚተከልበት ነው። ግቢው ሁሉ በኮንክሪት ከተዘጋ ካስማ መትከያ አይገኝም። ስለዚህ ንጣፉ መኪና በሚረግጠው ስፍራ ብቻ ተወስኖ የቀረው መሬት ለሣርና ለዛፍ ቢተው፥ ወጪው ይቀንሳል፤ ውሃውም መስረጊያ ያገኛል።

ሥራውን ለመጀመር የሚሻለው ወራት ከጥቅምት በኋላ፥ መሬቱ ጠፍፎ ሳለ ነው። በሰኔ ዋዜማ ተጣድፎ ማስነጠፍ፥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለውን ያመጣል። ሠራተኛው ከመግባቱ በፊትም የቤቱ ባለቤት ከበላይና ከበታች ያሉትን ጎረቤቶቹን ጠርቶ፥ ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በአንድነት ቢመክሩ፥ አንድ የጋራ ቦይ በጋራ ገንዘብ ለመሥራት ይችላሉ። ይህ ምክር ዋጋው አንድ ስኒ ቡና ነው፤ የሚያድነው ግን አጥርና ጉርብትና ነው።