የካታሊስት እርጅናና የአቶሞች እንቅስቃሴ

ከባሕር ማዶ ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያም የሚገኘው ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን የተባሉት ጋዞች በብርቱ ሙቀትና ግፊት በብረት ቅንጣቶች ላይ ሲያልፉ ነው። ይህ ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ ኦፓው በተባለው ስፍራ በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ጀመረ። ብረቱ ራሱ ሳያልቅ የጋዞቹን መዋሐድ ስለሚያፋጥን ካታሊስት ይባላል። በመኪና ጭስ ማውጫ ላይ በሚገጠመው ማጣሪያም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉት ውድ ማዕድኖች ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ካታሊስት የሚሠራው በገጹ ብቻ ነው። ከመጋዘን ክምር ሥር የተቀበረ ዕቃ ገዢ እንደማያገኝ ሁሉ፣ በቅንጣቱ ውስጥ የተሸፈነው አቶምም ከጋዙ ጋር ስለማይገናኝ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ስለዚህ አምራቾች ውዱን ማዕድን እጅግ አድቅቀው ይበትኑታል፤ የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ሲበረታ ደቃቆቹ ቅንጣቶች እየተሰበሰቡ ይገዝፋሉ፤ ገጻቸውም ስለሚቀንስ ካታሊስቱ ይደክማል።

ይህን ነገር በዓይን ለማየት የረዳው መሣሪያ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል የመጀመሪያውን በ1931 በበርሊን ሠሩ፤ ሩስካም በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መሣሪያው በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር ያያል። ነገር ግን ጨረሩ አየር የሌለበት ቦታ ሲፈልግ፣ ካታሊስት ደግሞ የሚሠራው በጋዝ መካከል ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕራቲባ ጋይና ኤድዋርድ ቦይስ በናሙናው ዙሪያ ጥቂት ጋዝ እያስገቡ፣ የተረፈውን በፓምፕ የሚያስወጣ መሣሪያ አዘጋጁ። በዚህም በካርቦን ላይ የተበተኑ የፕላቲነም አቶሞች በሃይድሮጅንና በሙቀት ውስጥ አንድ በአንድ ታዩ።

ቅንጣቶች የሚገዝፉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሁለት ቅንጣቶች ተገናኝተው ሲዋሐዱ ነው። ሁለተኛው ከትንሹ ቅንጣት የተላቀቁ አቶሞች ተጉዘው በትልቁ ላይ ሲጨመሩ ነው፤ በዚህም ትንሹ እየመነመነ ይጠፋል። መንገዱን መለየት መድኃኒቱን ለማግኘት ይረዳል፤ አቶሞቹ የሚሰደዱ ከሆነ፣ ቅንጣቶቹን ከመጀመሪያው በመጠን ማስተካከል ወይም አቶሞቹን አጥብቆ የሚይዝ መደብ መምረጥ ይጠቅማል።

በእርግጥ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ከፋብሪካው እጅግ ያነሰ ነው፤ ጨረሩም ራሱ አቶሞችን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ስለዚህ የታየው ሁሉ በሌላ ፈተና መረጋገጥ አለበት። ካታሊስቱን ለረጅም ጊዜ ማቆየት የቻለ ፋብሪካ ግን ከውዱ ማዕድን የሚገዛው መጠን ያነሰ ይሆናል።