«አሪፍ ነው» ማለት ማረም አይደለም

እውነት ለመናገር፣ ተማሪዎቼ አንዱ የሌላውን ድርሰት እንዲያርም ያደረግኩት ለትምህርት ጥራት ተጨንቄ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ሞላሌ ውስጥ 9ኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ነበረኝ። የዚያን ሁሉ ልጅ ድርሰት በመንዝ ብርድ፣ ማታ ማታ ጋቢ ተከናንቦ ማረም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ «ደብተር ተቀያየሩና ከ10 አርሙ» አልኩ።

አብዛኛው ደብተር «በጣም ጥሩ፣ 10/10» ተብሎ ተመለሰ። ይሉኝታ አለ፤ ነገ ደግሞ የእኔ ደብተር እሱ እጅ ይገባል። የአንዷ ልጅ ድርሰት ግን በቀይ «ዝባዝንኬ» ተብሎ ተጽፎበት መጣ። ከዚያ በኋላ ድርሰት ጻፉ ስል ደብተሯን ገልጣ ዝም ብላ ትቀመጥ ጀመር። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አልነበረም። ቀዩን እስክሪብቶ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚነበብ ግን አላሳየሁትም።

መላው ከሩቅ አልመጣም። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያቃናለታል፤ ጓደኞቹም እየሰሙ ከእሱ ስህተት ይማራሉ። «ከ10 ስምንት» የሚል የለም። አሜሪካዊው የጽሑፍ መምህር ፒተር ኤልቦም በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ተቀራራቢ ነገር ይመክራል፦ አንባቢ ፍርድ አይስጥ፤ ሲያነብ ምን እንደተሰማው ይናገር። ጸሐፊውም ሳይከራከር ያዳምጥ።

እኔም በራሴ ጀመርኩ። የጻፍኩትን አንድ ገጽ ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩና «ተቹኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ዝምታ። ከዚያ አንዱ «መምህር፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስለ ማን እንደሚያወሩ ጠፋኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ ግን ልክ ነበር፤ እዚያው ደምስሼ አስተካከልኩት። መታረም ነውር አለመሆኑን ያዩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ አራት አራት ሆነው ተቀመጡ። ጸሐፊው ድርሰቱን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሌሎቹ የሚመልሱት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምን ገባኝ? የት ጠፋኝ? ምን ጨምሬ ማወቅ ፈለግኩ? ነጥብ መስጠት ክልክል ነው። ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ለድርሰቱ ብቻ ሳይሆን ለአስተያየቱም ጭምር። ለማንም ድርሰት የሚለጠፍ አስተያየት ዜሮ ነው።

ያቺ ልጅ ስለ ባና ጻፈች። «ባና የመንዝ ሕዝብ መለያ የሆነ ባህላዊ ልብስ ነው» ብሎ የሚጀምር፣ የማንም ሊሆን የሚችል ድርሰት። ከተማ ያደገች የቡድኗ ልጅ «እናትሽ ማታ ስትፈትል መብራት አላት?» ብላ ጠየቀቻት። በሳምንቱ ድርሰቱ ተለውጦ መጣ። እናቷ በጨለማ፣ የክሩን ውፍረት በጣቶቿ ብቻ እየለየች ስትፈትል ይጀምራል። ስታነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ጠይቆ አያውቅም።

ሁሉም ተፈታ አልልም። ጊዜ ይፈጃል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ በየቡድኑ ከሁለት ድርሰት በላይ አይታይም። የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ስህተት አሁንም የእኔ ሥራ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ምርጫ ነው፤ አንድም አንቀጽ አያስጽፍም። «መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ለሚለኝ ተማሪ መልሴ አጭር ነው፦ አይመጣም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ፣ አቤቱታ ስታስገባ ግን ይመጣል። ያኔ ጽሑፍህን የሚያነበው ሰው ይሉኝታ የለውም።

እናንተም ጓደኛችሁ የጻፈውን በቴሌግራም ሲልክላችሁ አውራ ጣት ልካችሁ አትለፉ። አንብቡና የጠፋባችሁን አንድ ቦታ ንገሩት። ቢከፋው እንኳ፣ ቢያንስ እንዳነበባችሁለት ያውቃል።